መብራት ሲጠፋ የሚይዝ

ለምርቃት ነው የጠሩኝ። ልብ በሉልኝ፤ ለሥራ አይደለም፤ ለምክር እንኳ አይደለም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለዊንቹ ሞተር አዲስ ፍሬን ልንገጥም ነው፤ መጥተው ይመርቁልን» አለኝ ልጁ በስልክ። አርባ ዓመት ሙሉ ካቻቪቴ ከእጄ ያልወረደ፣ ሦስት ጊዜ ኤሌክትሪክ አንስቶ ያፈረጠኝና ሦስቴም አቧራዬን አራግፌ የተነሣሁ ሰው፣ ዛሬ ሞተር አጠገብ ቆሜ «አሜን በሉ» እንድል ነው የምፈለገው። ጡረታ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ደሞዝህን ይቀንሳል፣ ቀጥሎ መሣሪያህን ያስረክብሃል፣ በመጨረሻ ጋቢ አልብሶ መራቂ ያደርግሃል።

አልሄድም ልል ነበር። ባለቤቴ ግን «ሂድ እባክህ፤ እዚህ ተቀምጠህ ምጣዴን ከምትፈታታ» አለችኝ። ስለ ምጣዱ ሌላ ጊዜ አወራለሁ። የተቃጠለው ሽቦው ነው እንጂ እኔ ያበላሸሁት ነገር የለም።

ኮቴን ለበስኩ። በግራ ኪሴ ስልኬን፣ በቀኝ ኪሴ መታወቂያዬንና የታክሲ ብሬን፣ በውስጥ ኪሴ ደግሞ ለማንም የማላሳየውን አንድ ነገር ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ከድሮው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም፤ ልጁ የሚሠራበት ወርክሾፕ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ዱሮ ይህን በእግሬ እያፏጨሁ የምሄደው ነበር። አሁን መንገዱ የሲኖትራክ ነው። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት ያ መኪና አጠገብህ ሲያልፍ ያወቅኸውን ጸሎት ሁሉ ያስጀምርሃል። አቧራው፣ የጉልበቴ ነገር፣ «ሳሪስ፣ ሳሪስ» እያለ ጆሮዬ ሥር የሚጮኸው ረዳት... ደረስኩ ብቻ።

ልጁ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። ኢንጂነር ነው። እጄን ስሞ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ሻይ ይምጣልዎት» አለኝ። «ይቀመጡ» የምትለው ቃል ክብር ትመስላለች። «እጅዎን እንዳያስገቡ» ማለት ነው።

ዊንቹ ከብረት ምሰሶ ላይ የተተከለ፣ የላሜራ ጥቅል ከመኪና የሚያወርድ ነው። ሞተሩ 7.5 ኪሎ ዋት። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የዚህ ዊንች ፍሬን አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ሽብልቅ ይዞ ይቆማል። መብራት ድርግም ሲል ጭነቱ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል፤ ጎረምሳው ይሮጥና ሽብልቁን ከበሮው ሥር ይሸነቁረዋል። ሥራው ይኸው ነው፤ መብራት ሲጠፋ መሮጥ። በወር ደሞዝ! ደግሞም አቃቂ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ያን ጠዋት ግን ጎረምሳው ሽብልቁን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ለምን እንደተጠራሁ እኔ ባይገባኝም፣ አዲሱ ፍሬን ለምን እንደመጣ እሱ በደንብ ገብቶታል።

ካርቶኑ ተከፈተ። ከጀበና ማቶት ትንሽ የሚተልቅ ክብ ብረት ወጣ። ኋላ በኩል ኮይል ያለበት ማግኔት፣ ማግኔቱ ውስጥ ዙሪያውን የተቀበሩ አጫጭር ሞላዎች፣ ከፊቱ አንድ የብረት ሳህን፣ ከሳህኑ ፊት በሁለት በኩል ሸራ የተለበጠች ዲስክ። ልጁ «ስፕሪንግ» ይላል፤ እኔ «ሞላ» እላለሁ። እሱ «ቤሪንግ» ይላል፤ እኔ «ኩሽኔታ»። ጣሊያን በጠመንጃ ያልወሰደውን አፋችንን በካቻቪቴና በፒንሳ ይዞት ቆይቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ ያለ ጠመንጃም ያለ ካቻቪቴም ከእሱ እየተረከበው ነው። እኔ ግን ሞላን ሞላ እያልኩ ነው የምሞተው።

«እንግዲህ ጋሼ» አለ ልጁ፣ «ይሄ ፍሬን ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለቃል፤ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ይይዛል። ሞላዎቹ ሳህኑን ሁልጊዜ ይገፉታል፤ ሳህኑ ዲስኩን ያጣብቀዋል፤ ዲስኩ ከሞተሩ ሻፍት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሻፍቱ አይዞርም። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ሳህኑን ወደ ራሱ ይስበዋል። ዲስኩ ነፃ ይወጣል።»

«ቆይ» አልኩት፣ «ኤሌክትሪክ የምትከፍለው ለመልቀቅ ነው?»

«አዎ።»

«ለመያዝስ?»

«ለመያዝ ምንም አይከፈልም።»

ሻዬን ጠጣሁ። ምን ይባላል? በእኛ ጊዜ ኤሌክትሪክ ለመሥራት ነበር፤ ለማዞር፣ ለማንሳት፣ ለማብራት። ዛሬ ለመተው ኤሌክትሪክ! ሰው እንኳ ዛሬ እንዲህ ሆኗል፤ አንድ ነገር ያዝልኝ ስትለው በነፃ ይይዝብሃል፣ መልስልኝ ስትለው ሻይ ካልጋበዝከው አይለቅም።

እውነቱን ልናገርና ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ወጣት ሆኜ በሠራሁበት ፋብሪካ አንድ የጣሪያ ክሬን ነበር፤ ከበሮውን በሁለት ጫማ ጨብጦ የሚይዝ ፍሬን ነበረው። ከላዩ የተቀመጠው ማግኔት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ «ጓ!» ብሎ ጫማዎቹን ይከፍታል። ያ «ጓ!» የፋብሪካው ሰዓታችን ነበር፤ ጠዋት ስንሰማው ክሬኑ ሥራ ጀመረ እንላለን። ይህችኛዋ ግን «ጠቅ» ብቻ ነው የምትለው። ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም። ለምርቃት የተጠራ ሰው ምስክርነት አይሰጥም።

ነገሩ ያልገባችሁ ካላችሁ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ሄዳችሁ ከባድ መኪና ሲነሣ እዩ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ንፋስ እስኪሞላ ይጠብቃል። የኋላ እግሩን የያዘው ሞላ ነው፤ ንፋሱ ሞላውን ገፍቶ ካልከፈተው መኪናው ንቅንቅ አይልም። የንፋሱ ቱቦ ቢበጠስስ? ሞላው ይዘጋል፤ መኪናው መሐል መንገድ ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ከኋላው እስከ ቱሉ ዲምቱ ይሰለፋል። ሰው ሁሉ ሹፌሩን ይሳደባል። ያ የሚሰደበው ፍሬን ግን በዚያች ሰዓት ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ነገር እየሠራ ነው፤ ቁልቁል እንዳይሄድ።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጡት ፈረንጆች ናቸው፤ እሱን አልክድም። ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ፣ ራሱ ማንሻው ላይ ወጥቶ፣ ገመዱን አስቆረጠው። ሰው «ሞተ!» ሲል ማንሻው ትንሽ ወርዶ ቆመ። ይዞ የነበረው ምን መሰላችሁ? እንደ ጋሪ ሞላ ያለ ሞላ። ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ሞላው ተጎብጦ ይቀመጣል፤ ገመዱ ሲበጠስ ይዘረጋና ጥርሱን ግራና ቀኝ ይነክሳል። የጋሪ ሞላ! አቃቂ ላይ ስንት ጋሪ አለ፣ ስንት ሞላ አለ፣ ከመሐላችን አንድ ሰው አጣን እኮ። ከዚያ በ1872 ደግሞ ዌስቲንግሃውስ የባቡሩን ፍሬን እንዲሁ ገለበጠው፤ ንፋስ ሲኖር ይለቃል፣ ንፋስ ሲጠፋ ይይዛል፤ ፉርጎ ቢበጠስ ሁለቱም ወገን በየራሱ ይቆማል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መብራት ይጠፋል ብሎ የሚጨነቅ ፍሬን ማን ሠራው? መብራት የማይጠፋበት አገር ሰው! እኛ በቀን ስንቴ የሚጠፋብን በሽብልቅ እንኖራለን። መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ እንደነግጣለን፤ «ኧረ!» ብለን እንጮሃለን፤ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ። ሻማ ፍለጋ እንሯሯጣለን፤ ሻማው ትናንት የት እንደነበር ማንም አያውቅም። ይህ ሸራ የለበሰ ብረት ግን አይደነግጥም። ጠብቆት ነው የኖረው።

ደግሞ የት ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው? አቃቂ ላይ! የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው የተሠራው። 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ቢስቁበትም አዲስ አበባ በእሱ አምፖል ያየችበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ተኛ፤ እምቦጩ ሐይቁን ወረሰው፤ በኋላ ቻይናዎች አድሰው በ2009 ዓ.ም. መልሰው አስነሡት። አሁን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ዓባይ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። አካፍዬዋለሁ፤ አባ ሳሙኤልን 780 ጊዜ ያህላል። ደስ ብሎኛል፤ በምረቃው ቀን ቴሌቪዥን ፊት እንባዬ መጥቶ ነበር። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ግን የእኛ ሠፈር መብራት ሄዷል።

ወደ ሥራው ልመለስ።

ሞተሩ ከኋላ በኩል ሻፍቱ ረዘም ያለ ነው፤ የኋላውን ክዳን ቶርኖ ቤት ወስደው ፊቱን አስተካክለውታል። እስከዚህ ጥሩ። ማራገቢያው ወለቀ፤ ዲስኩ የምትቀመጥበት ጥርሳም ብረት ሻፍቱ ላይ ገባች። ዲስኩ በጥርሱ ላይ ወዲህ ወዲያ መንሸራተት አለባት፤ ከተጣበቀች ፍሬኑ ሲለቅም እየፋቀች ትኖራለች። የልጁ ረዳት ታዲያ «እንድትንሸራተት» ብሎ በእፍኙ ግሪስ ይዞ መጣ። የፍሬን ሸራ ላይ ግሪስ! እዚህ ላይ ክብሬን ረሳሁና ከወንበሬ ተነሣሁ። «አንተ ልጅ፣ ዶሮ ወጥ እየሠራህ ነው?» አልኩት። እጁን በጨርቅ አስጠረግሁት፤ ዲስኩን ነክቶ እንደሆነም አገላብጬ አየሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እናመሰግናለን ጋሼ» አሉኝ። ሌላ ሻይ መጣ።

ቀጥሎ ክፍተቱ መጣ። ማግኔቱና ሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት የዚህ ፍሬን ነፍሱ ነው። ወረቀቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ይላል። ሲጠብብ ዲስኩ ነፃ አትወጣም፤ ሲሰፋ ማግኔቱ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ሸራው እያለቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ተለክቶ መጥበቅ አለበት። እኔም ልጁ መለኪያውን ሲያወጣ ለማየት አንገቴን ሰገግ አደረግሁ። ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ሲም ካርድ!

«ጋሼ፣ ቀጭን ነው፤ በግምት...»

«በግምት» ሲል ደሜ ፈላ። ሲም ካርድ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው! ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ ነው። ያኔ ነው ከውስጥ ኪሴ ያን ነገር ያወጣሁት። ፊለር ጌጄን። ዘይት በነካ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ፣ ቅጠል ቅጠል የመሰሉ ስስ ብረቶች፤ በየቅጠሉ ላይ ውፍረቱ ተቀርጿል። ጡረታ ስወጣ መሣሪያ ሁሉ አስረክቤያለሁ፤ ይህ ግን በራሴ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ሰው የሚጠረጥረኝ ካለ ደረሰኙ ቤት አለ። የ0.3ን ቅጠል መርጬ ከክፍተቱ አስገባሁ። በአንድ በኩል ላላ፤ በሌላው በኩል አልገባም አለ። ሳህኑ ተጣሞ ተቀምጧል ማለት ነው። ሦስቱን ቡሎኖች አንዱን ሩብ ዙር፣ ሌላውን ስምንተኛ ዙር እያልኩ፣ በሦስቱም ቦታ ቅጠሉ እኩል እስኪፋቅ ድረስ አስተካከልኩት። ቅጠሉ በትክክል ሲገባ እጅ ላይ የሚሰማ ነገር አለ፤ እንደ ቅቤ ሳይሆን፣ እንደ አሸዋም ሳይሆን። ይህን በየትኛው መተግበሪያ ነው የምትለኩት?

ልጁ ዝም ብሎ እጄን ሲያይ ነበር። ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፤ አውቃለሁ። ቅጠሉን ሲይዙ ግን አልተንቀጠቀጡም፤ እሱም አይቷል።

ከዚያ ግን ሽቦው ላይ ሲደርሱ እንደገና «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ተባልኩ። እሺ፤ ተቀመጥኩ። ልጁ ለሞተሩ ኢንቨርተር ገዝቶለታል፤ ሞተሩን ከዝቅተኛ ፍጥነት እያለሰለሰ የሚያስነሣ ሳጥን። ጥሩ ዕቃ ነው። የፍሬኑ ኮይል 103 ቮልት ዲሲ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ሬክቲፋየር አብሮት መጥቷል፤ 220 ስትሰጠው ግማሹን ሞገድ ቆርጦ ወደ መቶ ገደማ ያደርገዋል። ልጁም ሬክቲፋየሩን እዚያው ሞተሩ ራስ ላይ ከተርሚናሉ፣ ከአንዱ ፌዝና ከስታሩ መሐል አሰረው።

አየሁ። ዝም አልኩ። ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አስነሡ። ሞተሩ እንደ ታመመ በሬ አቃሰተ። ፍሬኑ «ጠ-ጠ-ጠ-ጠ» እያለ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ። «አጥፋ! አጥፋ!» ተባለ። ልጁ ወረቀቱን ገለጠ፣ ስልኩን ነካካ፣ ሽቦዎቹን ቆጠረ። ሻዬ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ስኳሩ ከታች ተከማችቶ ነበርና እሱንም በማንኪያ በላሁ። ከዚያ «ልጄ» አልኩት፣ «ኢንቨርተርህ ሲነሣ ስንት ኸርዝ ይሰጣል?»

«አምስት።»

«አምሳ ላይ 380 የሚሰጥ አምስት ላይ ስንት ይሰጣል?»

ትንሽ አሰበና «ሠላሳ ስምንት» አለ።

«ከስታሩ ጋር ሲለካስ?»

«ሃያ ሁለ...» አለና ቆመ። ፊቱ በራ። ሲገባው ደስ የሚል ልጅ ነው፤ በዚያ እናቱን ይመስላል። 220 የሚፈልግ ሬክቲፋየር 22 ቮልት እያገኘ ነው። ፍሬኑ ሳይለቅ ሞተሩ ይታገላል። የፍሬኑ መብራት ከኢንቨርተሩ በፊት፣ ከዋናው መስመር፣ በራሱ ኮንታክተር መምጣት አለበት፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ «አሁን ጉልበት አለኝ፣ ልቀቅ» ብሎ ኮንታክተሩን ያዘዋል። ይህን ስነግረው ደብተር አወጣ። ደብተር! ስልክ ሳይሆን። እኔም ከዚያ በኋላ ወንበሬን ረሳሁት።

የሚቀጥለው ሙከራ ላይ ለቀቀ፤ «ጠቅ» አለ፤ ጭነቱ እንደ ሰው ተነሣ። ሲያቆሙት ግን ከመቆሙ በፊት አንድ ስንዝር ወረደ። ለዚህም መድኃኒት አለው። መብራቱን የምትቆርጠው ከሬክቲፋየሩ በፊት ብቻ ከሆነ፣ ኮይሉ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ በሬክቲፋየሩ በኩል እየዞረ ማግኔቱን ትንሽ ያቆየዋል፤ ልክ ቡና ጠጥቶ ደጃፍ ላይ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት እንደሚያወራ እንግዳ። ከሬክቲፋየሩ በኋላ፣ በዲሲው በኩልም ስትቆርጠው ያኔውኑ ይይዛል። ለምንጣፍ ማሽን ግድ የለም፤ ጭነት ለሚያነሣ ግን ግድ ነው። ያችንም አስተካከልን። «አስተካከልን» እላለሁ እንጂ፣ ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ሰቅዬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ መሰላሉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሞተሩ ታርጋ ላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚል ጽሑፍ አለ፤ አቃቂ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በስስ አየር ሞተር በደንብ አይቀዘቅዝም፣ ሙሉ ጉልበቱን አትጠይቁት አልኳቸው። እኔንም ያኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር፤ ስለ ሞተሩ ብቻ የተናገርኩ መስሏቸው ነው እንጂ።

ምሳ በላን። የወርክሾፑ ባለቤት መጣ፤ «እስቲ ሙሉ ጭነት» አለ። ፍሬኑ 100 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ 49 ገደማ፤ እጥፍ ነው፣ አያሳስብም። የላሜራው ጥቅል ተነሣ። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ መብራት ጠፋ።

«ጠቅ።»

ጥቅሉ ንቅንቅ አላለም። አንድ ጣት አልወረደም። ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ጭብጨባ። ባለቤቱ ትከሻዬን መታኝ። ጎረምሳው ብቻ ከልምዱ የተነሣ ሽብልቁን ይዞ ግማሽ መንገድ ሮጦ ነበር፤ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። እሱን ሳይ ጭብጨባዬን አቆምኩ።

ታዲያ ያኔ ነው ኮቴን የፈለግሁት። የት ነው? ወንበሩ ላይ። ወንበሩስ? ጎረምሳው ሥራ ፈትቶ ሲውል ለክብሬ ብሎ ወንበሩን ከግድግዳው አንሥቶ፣ መሐል ላይ፣ ሁሉን በደንብ የማይበት ቦታ አስቀምጦልኛል። ልክ ከመንጠቆው ሥር። ከወንበሩ በላይ ላሜራ ተንጠልጥሏል።

«በእጅ መልቀቂያው እናውርደው» አለ ልጁ። አዎ፣ ይህ ፍሬን ለእንዲህ ያለ ቀን ማንሻ አለው፤ በእጅህ ሳብ ስታደርገው ሞላውን አሸንፎ ጥቂት በጥቂት ያወርድልሃል። «አምጣው» አልኩት። ፈለገ። ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ካርቶኑስ? «ቁራሌው አልፎ ነበር» አለ ጎረምሳው፣ ዓይኑን ከሽብልቁ ሳያነሣ፣ «ባዶ ካርቶን መስሎኝ...» ልፈርድበት አልፈልግም። ሽብልቁን የነጠቀው ብረት የገዛ እጁን አጥቶ ሲቀር ግን ፊቱ ላይ የሐዘን ምልክት አላየሁም።

ያለ ማንሻ፣ ጭለማ ውስጥ፣ በቁልፍ ቡሎን እየፈታሁ ላሜራ አላወርድም። ጊርቦክሱ ወደ ኋላ የሚዞር ዓይነት ነው፤ ፍሬኑ አንዴ ከለቀቀ የሚያስቆመው የለም። ጄኔሬተሩስ? የጄኔሬተሩ ባትሪ የባለቤቱ መኪና ውስጥ ነው፤ ባለቤቱም ካጨበጨበ በኋላ ሄዷል።

ኮቴ ውስጥ ስልኬ ጠራ።

«ልሩጥና ላምጣልዎት፣ ጋሼ? ሁለት ሰከንድ ነው» አለ ልጁ። «አንዲት እርምጃ!» አልኩት። በተንጠለጠለ ጭነት ሥር ማንም አያልፍም። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ስጮህ ኖሬያለሁ፤ በዚህ ምክንያት ከሰው ተጣልቻለሁ፤ ዛሬ ለአንድ ኮት ብዬ አላፈርሰውም። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አቆመ። እንደገና ጠራ። የባለቤቴ መሆኑን በአጠራሩ አውቄዋለሁ።

እንዲህ ሆነን ጭነቱን ከብበን ተቀመጥን። አቃቂ ሲመሽ ብርዱ ከወንዙ በኩል ነው የሚመጣው፤ በሸሚዝ ላለ ሽማግሌ ደግሞ አይራራም። ጎረምሳው አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎም ከሥራ ሲያስወጡዎት እንዲህ ነበር?» አለኝ። «እኔን ያስወጣኝ ብረት አይደለም፤ የልደት ወረቀት ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሽብልቁን ላግባ? ለማንኛውም» አለኝ። «አግባ» አልኩት። ደስ ብሎት ከጎን በኩል ዞሮ ከበሮው ሥር አስገባው። አላስፈለገም፤ ግን ሁለታችንም ከዚያ በኋላ ተረጋጋን። ስልኩ ዘጠነኛውን ጠራ።

መብራት የመጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሽብልቁ ወጣ፤ ጭነቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ላሜራውን ጣሪያው ድረስ አስነሥቼ፣ ወንበሩን በረጅም ዘንግ አስጎተትኩት። ከዚያ ጭነቱ ወረደ። ኮቴን ለበስኩ፤ ፊለር ጌጄን በጨርቁ ጠቅልዬ ወደ ኪሴ መለስኩ። ሊሸኘኝ ሲወጣ ልጁ «ጋሼ፣ ምርቃቱ ቀረ» አለኝ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ማንሻውን ከቁራሌው ስታስመልስ» አልኩት።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች።

«ስልኩ ጭነት ሥር ነበር» አልኳት።

«አንተስ?» አለችኝ።